ስስ ፊልም

በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ፣ በጥጥ የተጠቀለለች፣ ሁለት ጣት የምታህል መስታወት አለችኝ። አንድ ፊቷ ኒኬል ለብሷል። ልባሱ ከመሳሳቱ የተነሳ፣ ወደ መስኮት ሲያነሷት ፀሐይ ጭጋግ እንደ ለበሰች ሆና በውስጧ ታልፋለች። ጥግዋ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ትናንት ቁልፍ ስፈልግ እጄ ላይ ወጣችና ብቻዬን ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ ልንገራችሁ።

ያኔ ጎንደር ላይ የፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ስስ ፊልም ነበር፤ ብረትን አትንኖ መስታወት ማልበስ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያልፍበት፣ ማግኔት ሲጠጋው ደግሞ ምን እንደሚሆን መለካት። አንድ ቀን ፒያሳ ባጃጅ ስጠብቅ ከትውልድ ከተማዬ ከኮላ ድባ ጤፍ እየጫነ የሚመላለስ ጎረቤታችን አገኘኝ። ምን እየሠራሽ ነው ቢለኝ፣ መቼም አፌ አያርፍ፣ ስስ ፊልም እየሠራሁ ነው አልሁት። ጎሽ ብሎኝ ሄደ።

ጎረቤታችን ክፉ ሰው አልነበረም። ወሬ ግን እሱ እጅ ከገባ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ኮላ ድባ ሲደርስ ልጅቱ ፊልም ትሠራለች ሆነ። ገበያው ሲበተን ደግሞ «ስስ» የምትለዋ ቃል ከቦታዋ ተነስታ ልብሴ ላይ ተለጠፈች። የመሪጌታው ልጅ በስስ ልብስ ፊልም ትሠራለች ተባለ።

መሪጌታው አባቴ ነው። ድጓ አስመስክሮ የተመለሰ፣ ደቀ መዝሙር የሚፈራው፣ የእኔን ትምህርት ግን በኩራት የሚያወራ ሰው ነበር። በማግስቱ ደወለና፣ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን ሸክፊ ብሎኝ ስልኩን ዘጋው። የሚያፍርበትን ነገር በስልክ አያወራም። ነገሩን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እየሳቀች ጀምራ እያለቀሰች ጨረሰች። ያኔ ደነገጥሁ። አባቴ አንዴ ከቆረጠ የሚመልሰው አልነበረም፤ ትምህርቴ በአንዲት ቃል ሊቀር ነው። ልብሴን በፌስታል አጨቅሁት።

አባቴ የመጣው ብረቱን የማተንንበት ማሽን ላይ ተራ በደረሰኝ ቀን ነበር። ማሽኑ ከላይ ትልቅ የመስታወት ደወል የተደፋበት ነው። ከሥሩ ያለው ፓምፕ የደወሉን አየር መጥጦ እስኪጨርስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በመሀል መብራት ከጠፋ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። ሁለቴ ጠፍቶብኛል። የላብራቶሪው ሠራተኛ፣ ሽበት የወረሰው ረጋ ያለ ሰው፣ ጆሮውን ፓምፑ ላይ ለጥፎ እያዳመጠ፣ ዛሬስ ደህና ነው ይለኛል። ክፍሉ የጋለ ዘይት ይሸታል።

አባቴ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ ጃንጥላውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እኔ አቧራ እንዳላስገባ ነጭ ጋዋን፣ ጓንት፣ የፀጉር ቆብና የአፍ መሸፈኛ አድርጌያለሁ። ከዓይኔ በቀር የሚታይ አልነበረኝም። አላወቀኝም። እንደምን አደራችሁ ብሎ፣ አንዲት ልጅ ፈልጌ ነበር አለኝ፣ እኔኑ። መሸፈኛውን ዝቅ አደረግሁት። ከላይ እስከ ታች ሲያየኝ ቆየ።

«ስስ ልብስ ያሉት ይህን ነው?» አለ።

የላብራቶሪው ሠራተኛ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ፓምፑ ዞረ። አባቴም ከንፈሩ ሊሸሽበት ነበር፤ ግን ዋጠው። የምትሠሪውን አይቼ ነው የምፈርደው አለና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ያን ሁሉ ሰዓት ዳዊቱን በለሆሳስ እየደገመ ጠበቀ፤ ፓምፑ ያጉረመርማል፣ እኔ መብራቱን እያየሁ እማጠናለሁ። ማን ምን እንደሚለምን እግዜር ይወቀው፣ መብራቱ አልጠፋም።

ከቀትር በኋላ ኒኬሉን አጋልሁት። በደወሉ ውስጥ ፍም መሰለ፤ ቅንጣት ድምፅ ሳያሰማ ተነነና ከበላዩ የሰቀልኋቸው አራት መስታወቶች ጠቆር ጠቆር አሉ። አባቴ ተነስቶ ቆመ። አንዷን አውጥቼ ከመለኪያው ጋር አገናኘኋት። ቁጥሩ ሲረጋ ማግኔቱን ለአባቴ ሰጠሁትና አስጠጋው አልሁት። ሲያስጠጋ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ተነቃነቁ። ሲያርቅ ተመለሱ። ደግሞ አስጠጋ፣ ደግሞ አራቀ። ልጅ ሆነ ብላችሁ እመኑኝ።

«ሳይነካው?»

«ሳይነካው፣ አባዬ።»

ውፍረቱን ጠየቀኝ። አንዲት ፀጉር ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ አንዱ ስንጣቂ ያክላል አልሁት። ቅኔ ሲቆጥር እንደሚያደርገው ጺሙን ማሻሸት ጀመረ።

«ስስ አትበይው» አለኝ። «ስስ ለልብስ ነው። ይህ ረቂቅ ነው። መጻሕፍቱ መላእክትን ረቂቃን ይሏቸዋል፤ አሉ፣ ግን አይዳሰሱም። ረቂቅ ብረት በዪው። ማንም አያማሽ።»

ይህን ብሎ ሁለተኛዋን መስታወት ብድግ አደረገና ወደ መስኮቱ አነሳት። የላብራቶሪው ሠራተኛ፣ መሪጌታ፣ በጣት አይነካም እስኪል የአባቴ አውራ ጣት ኒኬሉ ላይ አርፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ባለቀስሁ ነበር፤ በጣት የተነካ ፊልም ለልኬት አይሆንም። አባቴ ግን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በብረት ውስጥ ፀሐይን እያየ ፈገግ ብሎ ነበር። ሦስት ይበቃኛል አልሁ በልቤ።

«ሸጋ ነው» አለ መስታወቷን ሲመልስልኝ። «የሸከፍሽውን ፍቺ።»

ኮላ ድባ እንደተመለሰ ጎረቤታችንን በገበያ መሀል አቁሞ «ረቂቅ» የምትለዋን ቃል ሦስት ጊዜ አስደገመው አሉ፤ ልክ እንደ ደቀ መዝሙሮቹ። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ፣ ረቂቋ እንደምን አለሽ ይለኛል።

አሁን አስተማሪ ነኝ። ክፍል ውስጥ ረቂቅ ብረት ስል ተማሪዎቼ ከመጽሐፍ ያገኘሁት ይመስላቸዋል። አላርማቸውም፤ የመሪጌታ ቃል መሆኑን የማውቀው እኔ ልሁን ብዬ ነው።

አባቴ ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። የጣት ላብ ኒኬልን ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ስለዚህ አሻራው በየዓመቱ እየጎላ መጥቷል፤ ዛሬ መስመሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። አባዬ ናፍቆኛል። ትናንት ሳቄ ካለፈ በኋላ አውራ ጣቴን ወደ አውራ ጣቱ አስጠጋሁ፤ አልነካሁትም።