ኤሜ ያጣመመው መንገድ

ኤሜ ፑሊኛ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሰላምታ የማይሰለቸው፣ ሚስቱን ሉሴትን ከጉብዝናው ጀምሮ የሚወድ ሰው ነው። የእንጉዳይ ነገር ሲነሣ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ምን ይደረግ? እንኳን እሱ፣ የመንደሩ የሳንቶብራን ቄስም እንጉዳይ ከየት እንዳመጡ ሲጠየቁ ይዋሻሉ።

በሼር ወንዝና በኦክ ዛፍ ጫካው መካከል የሚኖር ሰው ሁሉ የየራሱ ቦታ አለው። ሴፕ የሚባለው፣ እግሩ ወፍራም፣ አናቱ የተጋገረ ዳቦ የመሰለው እንጉዳይ፣ በየዓመቱ እዚያው በበቀለበት ይበቅላል፤ ቦታውን ያወቀ መስከረም ላይ ቅርጫቱን ሞልቶ ይገባል። ቤትና መሬት በኑዛዜ ይወረሳል። የሴፕ ቦታ ግን አባት ሊሞት ሲል ለልጁ በጆሮው ሹክ የሚለው ነገር ነው። የኤሜም አባት እንደዚያው አደረገ። ቦታው ድሮ ከሰል ይከሰልበት የነበረ ሜዳ ነው፤ ከኤሜ ቤት ጓሮ ቢነሡ ጫማ እንኳን ሳይቆሽሽ ይደረሳል። እሱ ግን አንድም ቀን በቀጥታ ሄዶ አያውቅም። ሰው እንዳይከተለው በብስክሌት በተቃራኒው ይወጣል፣ ኩሬውን ይዞራል፣ በወንዙ ዳር ይወርዳል፤ ያለውን የጠጠር መንገድ ሁሉ አዳርሶ፣ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ይደርሳል። ሉሴት “የት ከርመህ ነው?” ስትለው “ሩቅ” ይላል፤ ከዚያ በላይ ቃል አይወጣውም።

ታዲያ በመንደሩ ለብስክሌተኞች የሚሆን የጠጠር መንገድ ተመርጦ ምልክት ይደረግበት ሲባል ከንቲባዋ ፔሪን ሌላ ማንን ትጥራ?

“አቶ ኤሜ፣ ይህን ጫካ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቀዋል? መንገዱን እርስዎ ይምረጡልን፤ ምልክቱንም እርስዎ ይቀቡልን።”

ደረቱ ተነፋ። ቀለሙን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ፣ ከግንድ ግንድ እየቀባ ሚያዝያን በደስታ ከረመ። በወንዙ ዳር አኻያዎቹ ሥር ያለውን መንገድ አስገባ፣ ሽመላ የሚቆምበትን ኩሬ አስገባ፤ ሁሉም አማረለት። ጣጣው መጨረሻው ላይ መጣ።

ጥሩው መንገድ ጫካውን ለሁለት ሰንጥቆ የመንደሩ ድልድይ ላይ፣ ልክ ከኖዌል ካፌ ደጃፍ ይወጣል። ይኸው መንገድ በከሰሉ ሜዳ ጥግ ያልፋል። ኤሜ ብሩሹን ይዞ ቆመ። ብስክሌተኛ ሲደክመው ይወርዳል፤ ሲወርድ ሽንቱ ይመጣበታል፤ ሊሸና ዛፍ ጥግ ይጠጋል፤ ዛፉ ጥግ ምን እንዳለ እናውቃለን።

“በቃ፣ አለቀልኝ!” አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ምልክቱን በረግረጉ በኩል አዞረና፣ ግማሹን ጫካ ከቦ፣ ከመንደሩ ማዶ ወፍጮው ጋ አወጣው።

ግንቦት ላይ ብስክሌተኞቹ መጡ። እስከ ጆሯቸው ጭቃ ለብሰው ወፍጮው ጋ ብቅ ይሉና መንደሩን ሳያዩት ሽው ይላሉ። ኖዌል ምስኪን ጠረጴዛዎቿን ደጅ አውጥታ፣ ጥላ ዘርግታ፣ በየማለዳው በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረውን የድንች ኬኳን ክሬም እያፈሰሰችበት ትጠብቃለች። ከሰዓት በኋላ ራሷ ትበላዋለች። ካፌው ለመንደሩ የቀረ የመጨረሻው ነው፤ ዳቦውም ወሬውም የሚገኘው እዚያ ነው። ኖዌልና ኤሜ ደግሞ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው የተማሩ ናቸው።

“ኤሜ፣ በጋው እንዲህ ካለፈ እዘጋዋለሁ። ልጄም ከተማ ነይ እያለች ነዝንዛኛለች።”

“ኧረ አትቸኩዪ፤ ይመጣሉ።”

“በየት በኩል? በጭስ ማውጫው?”

ኬኩን ሳይጨርስ ተነሣ። አዘነላት፣ ከልቡ አዘነላት። ምልክቱን ግን አልነካውም።

ከዚያ የመንገዱ ካርታ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ። እሑድ ዕለት ፊርማን፣ የኤሜ ጎረቤትና የድሮ የእንጉዳይ ተፎካካሪው፣ ካርታውን በደንብ አይቶ ካፌው ገባ።

“አንተ ኤሜ፣ ይህ መንገድ ቀጥ ብሎ መጥቶ መጥቶ እዚህ ጋ ሲደርስ ምን አስደንግጦት ነው የሸሸው?”

“ረግረጉ ለዓይን ያምራል ብዬ ነው።”

“ለማን ዓይን? ለእንቁራሪት?”

ካፌው በሳቅ ተናጋ። ፊርማን ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። “ስማ ወዳጄ፣ እዚህ አገር ለእንጉዳይ ካልሆነ በቀር መንገድ የሚያጣምም ሰው አላየሁም። ያ ያዞርክበት ክብ ውስጥ የአባትህ ሴፕ አለ። አይዞህ፣ ለማንም አልተናገርኩም፤ ሁሉም ያውቃል።”

ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኼ ነው! አባቱ እስትንፋሱ ሊወጣ ሲል ሹክ ያለውን ቦታ፣ ኤሜ በገዛ እጁ በቀለም ከቦ ለአገር አሳየው። እሳት የገባው ጅማት ሆኖ ወጣ። መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ሌላም ሁለት ሦስት ቦታ አጣምሞ ሰዉን ማደናገር ነበር። ጭንቀት እንዲህ ነው፤ ያጃጅላል።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲሄድ ኖዌል የደጁን ጥላ እያጠፈች ደረሰ። ገና ሐምሌ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። አላለቀሰችም። እንዲያውም እያፏጨች ነበር፣ እሱ የሚያውቃትን ያህል ለሚያውቃት ግን ከልቅሶ ይከፋል። ኤሜ ብስክሌቱን አቆመ።

“ጥላውን መልሽው” አላት።

“ለማን ብዬ?”

“መልሽው አልኩሽ እኮ!”

ዳቦውን ረስቶ ወደ ጫካው ነዳ። “ለእንጉዳይ ብዬ ሰው ልቅበር እንዴ?” እያለ፣ ራሱን እየተራገመ፣ የረግረጉን ምልክት አንድ በአንድ ፋቀው። ቀጥተኛውን መንገድ እስከ ድልድዩ ድረስ ቀባ፤ በከሰሉ ሜዳ ጥግ ያለውን ኦክ ለመጨረሻ አቆይቶ ቀባው። ቦታውን እንደ ቀበረ ሰው ሆኖ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ብስክሌተኞቹ ድልድዩ ላይ ይግተለተሉ ጀመር። የተራበ ጅብ ከእነሱ ይሻላል። የኖዌል ኬክ ቀትር ሳይደርስ ያልቃል፤ ወንበር ጠፍቶ ድልድዩ ላይ ተቀምጠው የሚበሉ አሉ። በከሰሉ ሜዳ በኩል ሲያልፉም ዓይናቸው ጎማቸው ላይ ነው፤ ግራ ቀኝ የሚያይ የለም። ኖዌል ኤሜን ባየችው ቁጥር ጉንጩን ትስመዋለች፤ እሱም የሚገባበት ይጠፋዋል።

ፊርማን ግን አኩርፎ ተቀመጠ።

“አታለልከን! ሴፑ ባለበት ቦታ ላይ የአገር ብስክሌት የሚያስነዳ ሰው ገና አልተወለደም። እዚያ ረግረግ ውስጥ ሴፕ ስፈልግ ስንት ቀን እሾህ ቧጠጠኝ መሰለህ! ለመሆኑ እውነተኛው ቦታ የት ነው?”

“ሩቅ” አለ ኤሜ፣ ከልማድ።

“ብልጥ ለብልጥ፣ ዓይን ብልጥጥ!” ብሎ ፊርማን ወይን ጋበዘው።

ኤሜ ይህን አስቦት አያውቅም። ለኖዌል ብሎ የተወው ቦታ በመተዉ ተደበቀለት። ደስ አለው፤ ደስታውን የሚያካፍለው ሰው ግን አጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

መስከረም ላይ ዘነበና ፀሐይ ወጣ። ኤሜ ቅርጫቱን ብስክሌቱ ላይ አሰረ፤ እንደ ልማዱ ወደ ኩሬው ሊዞር ሲል ሉሴትን መስኮቱ ላይ አያት። ለዚህች ሴት የምነግራት ልሞት ስል ነው? ብሎ ራሱን ጠየቀ። ቅርጫቱን ፈታው።

“ሉሴት፣ ጫማሽን አድርጊ።”

በጓሮው በር ወጥተው ብዙም ሳይራመዱ ደረሱ። ሴፖቹ በቅጠሉ መሃል አናታቸውን አውጥተው፣ ትልቁም ትንሹም ተደርድረዋል። ሉሴት አየቻቸው። ከዚያ ዞር አለች።

“ያ የእኛ ቤት ጣሪያ አይደለም?”

“ነው።”

“ግማሽ ግማሽ ቀን ጠፍተህ የምትመጣው ከዚህ ነው?”

“ሰው እንዳይከተለኝ እኮ… እዞር ነበር። በኩሬው፣ በወንዙ ዳር፣ በአኻያዎቹ ሥር…”

ዓይኗን ከጣሪያው አልነቀለችም። ኤሜ ስለ ሴፑ የተቆጣች መሰለው፤ “መቼም ታውቂያለሽ፣ ምስጢር…” እያለ መንተባተብ ጀመረ።

“ተው እባክህ! ሴፑንማ ስበላው ኖሬአለሁ፤ አንድ ዓመት አልጎደለብኝም” አለች። ድምጿ ተሰበረ። “የቀረብኝ መንገዱ ነው። አንተ ያን ሁሉ ስትዞር እኔ መስኮት ላይ ነበርኩ።”

ኤሜ እንባው መጣ፤ እንዳታይበት ብሎ አጎንብሶ ካራውን ወደ ትልቁ ሴፕ ሰደደ። ሉሴት ክንዱን ያዘችው።

“ነገም አለ፤ የትም አይሄድም። የእኔ ብስክሌት ጎማው ይነፋ እንደሆነ እንይ። በየት በኩል ነበር የምትጀምረው?”

“በኩሬው” አለ ኤሜ።

ሴፖቹን እንዳሉ ትተው ወደ ቤት ተመለሱ።