ጋሼ ጎንፋና ከጎተራቸው የተለቀሙት ትሎች

ጋሼ ጎንፋ ዳሪሙ በምትባል ወረዳ ተወልደው እዚያው ያረጁ የበቆሎ ገበሬ ናቸው። ሚስታቸው ዲንቄ የሞተችባቸው በ2004 ዓ.ም. የካቲት ላይ ነው። ያን ዓመት ነቀዙ በርትቶ ነበርና ከገበያ የነቀዝ ክኒን ገዝተው በቆሎው ውስጥ ጨመሩ፤ ጆንያዎቹንም ከመኝታቸው አጠገብ ደረደሩ። በማግሥቱ ለለቅሶ ጎሬ ሄደው አደሩ። ሲመለሱ ጎረቤቶች ዲንቄን በቃሬዛ ይዘው ከደጅ ሲወጡ ደረሱ። ጤና ጣቢያ ስትደርስ ትንፋሿ አልነበረም።

«ከእህሉ የወጣው ጋዝ ነው» አላቸው ሐኪሙ።

ክኒኑን የሸጠላቸው ሰው «ለሰው ምንም አይል» ብሏቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታቸው መድኃኒት የሚባል አልገባም። ነቀዝና ትል በየዓመቱ እኩሌታውን ሲጨርስባቸው ዝም ብለው ያያሉ። ዲንቄ በነበረች ጊዜ ጆሮዋን ጎተራው ላይ ለጥፋ ታዳምጥና «ስማ እንጂ፣ እየበሉን እኮ ነው!» ብላ ትስቅ ነበር። ያ ሳቅ ትዝ ሲላቸው እጃቸው በቆሎው ውስጥ እንደተነከረ ፈዘው ይቀራሉ።

በ2009 ዓ.ም. ሲፋን የምትባል፣ የእህል ተባይ የምታጠና ልጅ ከመቱ መጣች።

«አከም ቡልተኒ፣ ጋሼ?» ብላ ሰላምታ ሰጠቻቸውና ጎተራውን እንዲያሳዩዋት ለመነቻቸው። በቆሎውን ስታገላብጥ ከትሎቹ መካከል ጠቁረው የላሸቁ አገኘች። በወረንጦ እያነሳች ብልቃጥ ውስጥ ከተተቻቸው።

«የሞተ ትል ምን ያደርግልሻል፣ ልጄ?»

«ምን እንደገደላቸው ማወቅ ፈልጌ ነው። መድኃኒት አልጨመሩበትም አይደል?»

«አልጨመርኩም። አልጨምርምም።»

ከወራት በኋላ ተመልሳ መጣች። ትሎቹን የገደለው በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ መሆኑን፣ እሱኑ አራብታና አድርቃ ዱቄት እንዳደረገችው ነገረቻቸው። «ትሉ ሲበላው አንጀቱን ይበሳዋል። ሰውን ግን አይነካም» አለች።

የጋሼ ጎንፋ ፊት ተለወጠ። «ክኒኑንም ሲሸጡልኝ እንዲሁ ነው ያሉኝ።»

ከዚያ የዲንቄን ነገር ነገሯት። ሲፋን ደጃፉ ላይ ከተጋደመ ግንድ ላይ ተቀምጣ እስኪጨርሱ ሰማቻቸው።

«እንግዲያው እኔ ስላልኩ አይመኑኝ» አለች በመጨረሻ። «የሚሞከረው በቆሎ ከቤት ይራቅ። ማንም አይበላውም፤ ለሙከራ ብቻ ነው።»

በዚህ ተስማሙ። ከጓሮው ጥግ ሁለት ትንንሽ ጎተራ ሠርተው በቆሎ ሞሉባቸውና አንዱ ላይ ዱቄቱን ነሰነሱ። ሌላውን እንዲሁ ተዉት። ሲፋን በየአሥራ አምስት ቀኑ እየመጣች ታያለች፤ እሳቸው ደግሞ በየማለዳው ሄደው ያያሉ። ሰኔ ላይ ዱቄት ከተነሰነሰበት ጎተራ ውስጥ ትሉ ረግፎ አልቆ ነበር። ነቀዙ ግን እንዳለ አለ።

«ነቀዙን አልቻለውም» አለች ሲፋን አንገቷን ደፍታ።

«እሱንማ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ አልቻልኩትም» አሉና ሳቁ። ወዲያው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምነው አምስት ዓመት ቀድመሽ በመጣሽ! ከዲንቄ ጋር አብራችሁ ትለቅሙት ነበር። እሷ እኮ ትል አትፈራም።»

የሲፋን ጥናት አልቆ እሷም ወደ ሌላ አገር ተመደበች። ዱቄቱ ሱቅ አልደረሰም። ጋሼ ጎንፋ ግን መቱ በወጡ ቁጥር ሙከሚል ወደሚባል ነጋዴ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ጎራ ይላሉ።

«ያ የባክቴሪያው ዱቄት መጣ?»

«አልመጣም ጋሼ። ሲመጣ እኔው እልክልዎታለሁ።»

ባለፈው የገበያ ቀን እንደዚሁ ሲጠይቁ አንዲት አዲስ ሙሽራ የነቀዝ ክኒን ልትገዛ ቆማ ነበር።

«እህሉን የት ነው የምታስቀምጪው፣ ልጄ?» አሏት።

«እዚያው የምንተኛበት። ሌላ ቤት የለንማ።»

ጋሼ ጎንፋ በርጩማ ስበው አጠገቧ ተቀመጡ። «ዲንቄ የምትባል ሚስት ነበረችኝ» ብለው ጀመሩላት። ሙከሚል ክኒኑን ወደ መደርደሪያው መለሰው።