የአስካለ መና

ለሕፃናት አንደበት ቃልን የሚሰጥ እግዚአብሔር ስሙ ይክበርና፣ ስለ ታላቅ እህቴ ስለ አስካለ ጥቂት ላስታውስ። ክረምት ገብቶ የከሚሴ ዝናብ አሮጌ ግድግዳ ባራሰ ቁጥር፣ የጭቃና የበሰበሰ ጭድ ሽታ ይመጣና ልጅነታችንን ይቀሰቅስብኛል።

አባታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ከደጋ አገር መጥተው በከሚሴ ቢኖሩም ከግዕዝና ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አያውቁም፤ እኛ ልጆቻቸው ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀልን ስንጫወት እንውል ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ትናንት የተሰማ ቅኔ ይዞ ከመጣ «የሰው ቅኔ መድገም ሌብነት ነው፤ የራስህን አምጣ!» እያሉ ይገሥጹት ነበር፤ አስካለም ከወንዝ ስትመለስ እንስራዋን ሳታወርድ ቆማ ትሰማ ነበር። ለቤት ግን ሌላ ሥርዓት ነበራቸው፤ ዳዊት ሲያስደግሙን አንዲት ቃል ከራሷ ከጨመረች «እንደ ተነገረሽ ድገሚ!» ይሏት ነበር።

በአንዱ ክረምት ዝናቡ ሳያባራ ሰንብቶ የጓዳችን ግድግዳ ተናደ። ሰው ባለመጎዳቱ እናታችን እያመሰገነች ጭቃውን ስትዝቅ፣ አስካለ ከፍርስራሹ ላይ ወጥታ፣

«ለእስራኤል መና ከሰማይ ወረደ፣
የእኛ መና ግን በዝናብ ተናደ» አለች።

እናታችን ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። በኦሮምኛ «መና» ማለት ቤት ነውና፣ ልጅቱ ሰሙን ከመጽሐፍ ወርቁን ከጎረቤት አምጥታ ነበር። አባታችን ግን ከሰማይ የወረደውን ኅብስት ያቃለለች መስሏቸው ፊታቸው ጠቆረ።

«በቅዱስ ነገር ትቀልጃለሽ? ሁለተኛ ከራስሽ አንዲት ቃል እንዳልሰማ!»

«አባባ፣ መና ማለት እኮ…»

«ዝም በይ!»

እናታችንም እርሳቸው በተቆጡ ጊዜ አፍ አትከፍትም ነበርና፣ ነገሩ በዚያው ቀረ።

መስከረም ጠብቶ በጨፋ ሜዳ ማሽላው ሲያፈራ፣ ልጆች ከማማ ላይ ወፍ እየጠበቁ ይዘፍኑ ነበር፤ አስካለ ግን ሌሎች ያወጡትን ትቀበል እንጂ የራሷን አታወጣም ነበር። በበጋውም ዳዊቱን ያለ ግድፈት ስትደግም፣ አባታችን «አሁን ልብ ገዛች» እያሉ ደስ ይላቸው ነበር።

ክረምቱ ተመልሶ ሲመጣ አባታችን ግድግዳውን ሲመርጉ፣ ጎረቤታችን እትዬ ፋጡማ በደጅ ሲያልፉ አይተው፣ «የኔታ፣ ዘንድሮስ መናው ጸና?» አሏቸው።

«የምን መና?»

«ቤቱ ነዋ! ወላሂ፣ ይህን ያህል ዘመን ከእኛ ጋር ኖረው የገዛ ቤትዎን ስም አያውቁም?» ብለው እየሳቁ አለፉ።

አባታችን የያዙትን ጭቃ አስቀመጡ። የልጃቸውን ግጥም በከንፈራቸው ቀስ ብለው አሉትና፣ አስካለን ጠርተው «ልጄ፣ ቅኔሽ ቤት የመታ ነበር። እስቲ አዲስ አምጪ» አሏት።

እርሷም ዓይኗን ወደ መሬት ጥላ፣ «የትኛውን ልድገም፣ አባባ?» አለች።

አባታችን እስኪያርፉ ድረስ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከእርሷ አንዲት ቃል ይጠብቁ ነበር፤ ቃሏ ግን አልመጣችም።

ዛሬ ያ ቤት በብሎኬት ተሠርቷል፤ ዝናብ አይንደውም። የልጅ ልጄ ሁለቱን ቋንቋ እያጋጨች የማይገባኝን ስትናገር፣ ከመቆጣቴ በፊት «ምን ማለት ነው?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው አስካለም ፈገግ ትላለች፣ ከራሷ ግን አትጨምርም። የእርሷ ስጦታ በአማርኛው መና ቀርቷል።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እግዚአብሔር መናችሁን በሁለቱም ቋንቋ ያጽናላችሁ፤ በውስጡ የሚናገረውንም ሕፃን የሚሰማው ጆሮ አያሳጣው። አሜን።