እህል በላ የተባለው አለት

ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው የነጋዴ መንገድ ላይ ስም የሌለው ቋጥኝ የለም። የአንዱን ስም ምክንያት ቄስ ብትጠይቅ፣ አንድ ጻድቅ ተንበርክከው ጸልየውበት ነው ይልሃል፤ እረኛ ብትጠይቅ ደግሞ እዚያው ድንጋይ ላይ ወይፈን ተንከባሎ ሞቶ ነው ይላል። እኛ ነጋዴዎች የምናወጣው ስም ጽድቅም ሞትም የለበትም፣ ጥቅም ብቻ ነው። «ጭነት አውርድ» የምንለው አለት ቁመቱ እስከ ወገብ፣ አናቱ እንደ መደብ የተነጠፈ ነው፤ በቅሎህን አስጠግተህ ያለ ረዳት ታወርድበታለህ፣ ትጭንበታለህ። «ዝናብ አሳላፊ» ደግሞ ከስሙ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ የድንጋዮቹን ስም ለሚያውቅ ሰው አገሩ በሩ ተከፍቶ የተተወ ቤት ማለት ነው። ይህን የተረዳሁት ጣሊያን ከገባ በኋላ ነው።

እህል በላ ከሰፈራችን በላይ ያለ ግዙፍ መላጣ አለት ነው። ከጀርባው ቁጥቋጦ የሸፈነው ጠባብ ስንጥቅ አለ፤ በጎንህ ሾልከህ ስትገባ ውስጡ ሰፊና ደረቅ ነው። ድሮ ጦር ሲያልፍ ያገሬው ሰው እህሉን እዚያ ይከት ነበር አሉ። ወታደሩ ቤት ለቤት በርብሮ ባዶ ጎተራ ቢያገኝ፣ እህሉ የት ገባ ብሎ አንዲት አሮጊትን ያፋጥጣል። እሳቸውም ድንጋይ በላው አሉት። እውነታቸውን ነበር፣ ግን ማን ያምናል። ስሙ ከዚያ ቀረ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ ሰፍሮ ለወታደሩ ቀለብ የገበሬውን ጎተራ መጥረግ ሲጀምር፣ ሰፈራችን ተመካከረና የዘር ገብሱን እዚያ አለት ውስጥ ከተተ። የሚበላው ቢወሰድ ሰው ጎመንም ቅጠልም ቀቅሎ ይከርማል፤ ዘሩ ከሄደ ግን የሚቀጥለው ዓመት የለም። ሸክሙ ስለበዛ አበልጄን ጠራሁት። የሴት ልጄ የክርስትና አባት ነው፤ ስንት ክረምት አብረን ጨው ነግደናል፣ በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን በረንዳ ለበረንዳ አድረናል። ሽማግሌዎቹ የሌላ ሰፈር ሰው ነው ብለው ሲያመነቱ ዋስ የሆንኩት እኔ ነኝ።

የዘር ወቅት ሲቃረብ፣ አንድ የጣሊያን መኮንን የአገሩን ድንጋዮች ስምና የስማቸውን ምክንያት ማወቅ እፈልጋለሁ ብሎ መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ፈለገ። እኔንና አበልጄን ከገበያ ለቅመው ወሰዱን። እምቢ የሚባል ነገር በዚያን ጊዜ አልነበረም። ከመነሳታችን በፊት ሁለታችን ተማከርን፤ እህል በላ ዘንድ ስንደርስ ስሙ «መላጣው» ነው እንላለን፣ ምክንያቱን ከጠየቁ ምንም ስለማይበቅልበት ብለን እናልፋለን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እሱ ጥሩ ነው አለኝ።

መኮንኑ ድንጋይ ባየ ቁጥር ከበቅሎው ይወርድና በመዳፉ መታ መታ አድርጎ በቋንቋው «ግራኒቶ»፣ ጠንካራ ድንጋይ፣ ይላል። ጥቁሩም ግራኒቶ፣ ቀዩም ግራኒቶ ነው። ከዚያ በአስተርጓሚው በኩል ስሙን ይጠይቃል። እኔም አልሰሰትኩለትም። አንዱን ጎባጣ ቋጥኝ «አማት» አልኩት፤ ለምን ቢለኝ፣ መንገድ ዘግታ ስለተቀመጠች አልኩ። አስተርጓሚው ሲተረጉም ሳቁ አመለጠው። አበልጄ ግን አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቀልዴን ሳልጨርስ የሚስቀው እሱ ነበር።

አበልጄ በቅሎዎቹን አስከትሏል፣ ባዶ ጆንያ ጭኖ። ምን ያደርግልሃል ብዬ ስጠይቀው፣ መኮንኑ ፈቅዶልኝ ስመለስ ከሮብ ገበያ አሞሌ ጨው እጭናለሁ አለኝ። እሺ አልኩት። ዕድሜዬን ጨው ስነግድ የኖርኩ ሰው እሺ አልኩት! አሞሌ በጆንያ አይጫንም፤ በገመድ ተጠፍሮ ነው የሚጫነው። ጆንያ ውስጥ ብትከተው እርስ በርሱ እየተጋጨ ገበያ የሚደርሰው ዱቄት ሆኖ ነው። ይህን በቅሎዎቹም ያውቃሉ። ሌላ ሰው ቢነግረኝ እዚያው አፋጥጠው ነበር፤ የአበልጄን ቃል ግን የመመዘን ልማድ አልነበረኝም።

እህል በላ ሥር ደረስን። መኮንኑ ወረደ፣ መታ አደረገ፣ ግራኒቶ አለ። እኔም በተማከርነው መሠረት ስሙ መላጣው ነው አልኩ።

«አበልጄ ረስቶት ነው» አለ አበልጄ ለአስተርጓሚው፣ ረጋ ብሎ፣ ዘመዱን እንደሚያርም ሰው። «እህል በላ ነው የሚባለው። መግቢያው በጀርባው ነው።»

አስተርጓሚው ይህንን አልተረጎመም። መኮንኑም ምን አለ ብሎ አልጠየቀም። ወታደሮቹ ማንም ሳያዛቸው ቁጥቋጦውን ዞረው ሲሄዱ ነው የገባኝ። አበልጄ አስቀድሞ ነግሯቸው ኖሯል፤ ቀኑን ሙሉ የተጠየቅነው የድንጋይ ስም ጥቆማው የአፍ ወለምታ እንዲመስልለት የተዘጋጀ ነበር። ጆንያዎቹን ያወረደው ራሱ ነው። በዘር ገብሱ ሲሞሉም አፋቸውን የቋጠረው ራሱ ነው፤ ሥራው እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር።

ሰፈር የደረሰው ወሬ፣ ሁለት ነጋዴዎች ጣሊያንን እየመሩ መጡ የሚል ነው። ከሁለቱ የሰፈሩ ሰው እኔ ነኝ፣ ዋሱም እኔ። የሆነውን ነገርኳቸው፣ ሰምተው ወደየቤታቸው ገቡ። ክረምቱ ደርሶ ስለነበር መከራከሪያ ጊዜ አልነበረኝም፤ ያለችኝን በቅሎ ደብረ ወርቅ ወስጄ በዘር ገብስ ለወጥኩና ለየቤቱ አደልኩ። ሁሉም ተቀበለ፣ ዘራም፣ በቀለለትም። አጨዳ ላይ ግን አንዱ ለሌላው፣ ጥፋት ከሌለበት በቅሎውን ለምን ሰጠ ሲል ሰማሁት። በነጋዴ ዓይን ካየነው ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር።

አበልጄ ሮብ ገበያ ላይ ጨው የመሸጥ ፈቃድ ለብቻው ተሰጠው። ለፋሲካ እንደ ልማዱ ለልጄ ቀሚስ ይዞ መጣ። በሩን ይዤ ቆምኩ።

«እኔ ባልነግራቸው ሌላ ሰው ይነግራቸው ነበር» አለኝ።

«ሌላ ሰው ቢነግራቸው ባንዳ ብዬ እገላገል ነበር። አንተን ምን ልበልህ?»

ቀሚሱን ደጃፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ልጄ ወጥታ አንስታ ለበሰችው። ምን ታድርግ፣ የክርስትና አባቷ ያመጣላት ነው።

ጣሊያን ወጣ፣ ንግዱም ቀስ በቀስ ተመለሰ። አንድ ቀን በዚያው መንገድ ከማላውቃቸው ወጣት ነጋዴዎች ጋር ስጓዝ፣ አንደኛው መላጣውን አለት በጅራፉ አሳየኝና ስሙን ያውቁታል ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩ።

«ነጋዴ ሸጠው ይባላል» አለ። «የአገሩን ዘር ለጣሊያን የሸጠበት ነው።»

የትኛው ነጋዴ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ስሙን አላውቅም፤ እዚሁ ከታች ነው የሚኖረው አሉ። ስንደርስ ቤቱን አሳይዎታለሁ።»