ሰማያዊው ክር

እቴቴ የምላቸው አክስቴ፣ ቤቴል ባለችው የጥልፍ ሱቃችን፣ ቀሚስ ለደንበኛ ከመስጠታቸው በፊት ከጥልፉ የተረፈውን ክር ሒሳብ ደብተሩ ላይ በስፒል ይሰኩ ነበር። ከጎኑ ዋጋውን፣ የማስረከቢያውን ቀንና የአስረካቢውን ስም ይጽፋሉ። «ቁጥር ያምታታኛል ልጄ፤ ክሩን ሳይ ግን ሥራው ትዝ ይለኛል» ይሉኝ ነበር።

ረቡዕ ምንም ሳያማቸው በድንገት አረፉ። ሐሙስ ሳጥናቸው ውስጥ ያገኘሁትን፣ አይቼው የማላውቀውን ባለ ሰማያዊ ጥልፍ ነጠላ አልብሼ ሸኘኋቸው።

ትናንት የግብር ሒሳብ ልሠራ ብቻዬን ደብተሩን ከፈትኩ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ያው ሰማያዊ ክር ተሰክቷል። ጽሕፈቱ የእሳቸው ነው። የዋጋው ቦታ ባዶ ነው። ማስረከቢያው ሐሙስ ይላል፤ አስረካቢዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

እቴቴ፣ ቀኑን ማን ነገረዎት?