ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ

«ኦርጅናል» የሚለውን ቃል ስሰማ አሁን አሁን ያቅለሸልሸኛል። የእናቴን ማድቤት ለማደስ በተነሣሁ ጊዜ ፒያሳ ውስጥ ይህን ቃል ያላለኝ ነጋዴ የለም። ሲንኩ ኦርጅናል፣ ቧንቧው ኦርጅናል፣ ብሎኑ ሳይቀር ኦርጅናል። አንድ ቀን እንኳ «ይሄ መናኛ ነው» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም።

የእድሳቱ ሐሳብ የመጣው ከእናቴ ጉልበት ነው። ቁስቋም ባለው ቤታችን ጓሮ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋ ላይ አጎንብሳ ዕቃ ስታጥብ ኖራ ኖራ ጉልበቷ አልታጠፍ፣ ከታጠፈም አልዘረጋ አላት። ሐኪሙ ከእንግዲህ ማጎንበስ እንደማይቻል፣ ቆማ ብቻ እንድትሠራ ነገራት። እኔ ማራኪ ሰፈር ተከራይቼ የምኖር ደመወዝተኛ ነኝ፤ ያጠራቀምኳትን ይዤ ሲንክ ላስገባላት ቆረጥኩ። እሷ ግን በአንድ ነገር ሙጭጭ አለች። የቄስ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት፤ አባቴ ካረፈ በኋላም ቢሆን የጾም ዕቃና የፍስክ ዕቃ በቤታችን አንድ መደርደሪያ ላይ አይውሉም። ሥጋ የነካ ድስት በታጠበበት ሳፋ የሽሮ ድስት አይታጠብም። «አንድ ጉድጓድ ከሆነ ይቅርብኝ፤ ሳፋዬ ይሻለኛል» አለችኝ። ባለ ሁለት ጉድጓድ ሲንክ መግዛት ግድ ሆነ።

የቧንቧ ሠራተኛው «እኔ የማውቀው ሱቅ አለ፤ እዚያ አትጭበረበሪም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። ባለሱቁ ከኪሱ ማግኔት አውጥቶ ሲንኩ ላይ አስጠጋ። «አየሽ፣ አልያዘም! ኦርጅናል ስቴንለስ ማለት ይሄ ነው» አለና የአንዲት ጊደር ዋጋ ጠራ። ቀንስልኝ ብዬ ለመንኩት። የእናቴን ጉልበት ነገርኩት፤ ሁለት ጉድጓድ ያስፈለገበትን ምክንያት ሳይቀር ዘከዘክሁለት። ሞኝ ነኝ። «ለጾም ከሆነማ ከዚህ ሌላ አታገኚም» አለና ጭራሽ በዋጋው ጸና። ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ቧንቧው ለብቻ እንደሚሸጥ የሰማሁት። ሲፎን የሚሉት የእጣቢ መውረጃም ለብቻ፣ የጉድጓዱ መክደኛም ለብቻ። በግ ቢሸጡልኝ ጆሮውን ለብቻ ያስከፍሉኝ ነበር።

በማግስቱ መክደኛ ልገዛ ብቻዬን ተመለስኩ። ባለሱቁ የለም፤ ሚስቱ ተቀምጣለች። እንዲያው ለወሬ ያህል የዚያኑ ሲንክ ዋጋ ጠየቅኋት። እኔ ከከፈልኩት በጣም ዝቅ አድርጋ ጠራችልኝ። «ትናንት እኮ እንዲህ አልነበረም» ስላት ቀና ብላ አየችኝና፣ «ሠራተኛ ይዘሽ መጥተሽ ነበር? እሱማ የሠራተኛው አለበት» አለች። ትንሽ እንኳ አላፈረችም። እዚያው መሬቱ ላይ ልትፋ ምራቄ አፌን ሞላው። ያስጠላኝ ሌብነቱ ብቻ አልነበረም፤ ሌብነት እንዲህ ወግ ሆኖ፣ የራሱ ስም ወጥቶለት፣ ለተበላው ሰው ራሱ በእርጋታ የሚብራራ መሆኑ ነው።

ሠራተኛውን አላባረርኩትም። ግድግዳው ተፈንቅሎ፣ ማድቤቱ ተገልብጦ ማንን አባርራለሁ? ጥርሴን ነክሼ አስጨረስኩት። ገጥሞ በጨረሰ ዕለት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ልታይ ገባች። ሲንኩን በመዳፏ ዳሰሰችው። «ሸጋ ነው» አለች። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ፣ በዚያ በማይታጠፍ ጉልበቷ ዝቅ ብላ ሥሩን አየች። ከሁለቱ ጉድጓዶች የወረዱት ቱቦዎች መሐል ላይ ተገናኝተው በአንድ ጉሮሮ ይሄዳሉ።

«ምነው ልጄ? ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ?» አለችው ሠራተኛውን።

«እማማ፣ የሰው ሁሉ ቤት እንዲህ ነው» አላት።

ሳቄ መጣ፤ የመረረ ሳቅ። ባለሱቁና እሱ ትዝ ብለውኝ ነው። ዋጋ ስንከራከር አንዱ ባንዱ ላይ ሲቆጣ፣ «ለእኔ ስትል ቀንስላት» ሲለው፣ ከላይ ሁለት ነበሩ።

እናቴ የንስሐ አባቷን ጠየቀች። «የወረደ ወርዷል፤ ጾም በቱቦ አይፈርስም» አሏት። መስቀላቸውን ተሳልማ ተመለሰችና «እሳቸው ዕቃ አጥበው አያውቁም» አለችኝ። ነገሩ በዚሁ ተወሰነ። ሌላ ሲፎን፣ ሌላ ቱቦ ያስፈልጋል። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ብቻዬን ሄጄ በርካሽ ገዝቼ መጣሁ። ሠራተኛው አገላብጦ አየውና «እኔ ያላመጣሁትን ዕቃ አልገጥምም፤ ነገ ቢያፈስ በእኔ ነው የሚላከከው» ብሎ እጁን አጣምሮ ቆመ። እሱ ያመጣውን ደግሜ ገዛሁ። የእሱ ድርሻ እንዳለበት እያወቅሁ፣ ቃል ሳልተነፍስ፣ እንዲያውም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ። ከሁሉም አብልጬ የተጸየፍኩት ያን ጊዜ ራሴን ነው።

በመጨረሻ እናቴ ቆመች። ውሃ የመጣ ቀን ነበር። የጾም ሳህኖቿን በቀኙ ጉድጓድ አጠበች፤ ወገቧ ቀጥ ብሏል፣ ፊቷም አልተኮማተረም። ለዚህ ነው የተዘረፍኩት፣ ይሁን አልኩ በልቤ። ሳህኑን እያለቀለቀች «ለመሆኑ ስንት ፈጀብሽ?» አለችኝ። እውነቱን ብነግራት እንደምትደነግጥ ስላወቅሁ ግማሹን ነገርኳት።

እጇ ቀጥ አለ። «ለዕቃ ማጠቢያ?» አለች።

በሳምንቱ ስመጣ ሲንኩ ዳንቴል ለብሷል፤ ለዓመት በዓል የሚወጣው ዳንቴል። እናቴ ጓሮ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ፣ ሳፋው ላይ አጎንብሳ ጥላሸት ትፈትጋለች። «ምነው እማዬ?» ብዬ ጮኽኩ።

«በዚያን ያህል ገንዘብ በተገዛ ዕቃ ላይ ጥላሸት አላፈስም። እንግዳ ይየው» አለችና እንዳነሣት እጇን ዘረጋችልኝ።

ሩቡን ነግሬያት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቆማ ታጥብ ነበር።