በሰም የታተመው ቤንዚን

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አራት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ጊዮርጊስ የሚያወጣውን ዳገት ገና ሳላጋምስ፣ ከኋላዬ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በዚህ ቃል የተጠራ ሰው ጥሎ አይሄድምና ቆምሁ። ዘወር ብል አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ይዞ ቆሟል። የጫነው የማር ቅል ነው፤ በላዩ ንብ ይተራመሳል። አጠገቡ እጁ እስከ ክርኑ የጠቆረ፣ ነጭ ቆቡ ወደ ማጅራቱ የሸሸ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሞ ይንጨረጨራል።

«እኔን ነው?» አልሁት።

«እርስዎን ነው ጌታዬ። መጽሐፍ ይዘዋል፤ ቃልዎ ይሰማል። ምስክር ይሁኑኝ፤ ይህን ሰም ልወጋው ነው።»

«የምን ሰም?»

«ይቀመጡ፤ በአጭሩ የሚነገር አይደለም።»

ወሬ እወዳለሁ፤ አልደብቅም። መንገድ ዳር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

እንድሪስ ይባላል፤ የወረኢሉ ሰው ነው። በጉብዝናው አጋሰስ እየነዳ ከነጋዴ ጋር አዲስ አበባ ገባ። አራዳ ውስጥ የአንድ ግሪክ ኦቶሞቢል እያጠበ፣ እያየ፣ እየነካካ መንዳት ለመደ፤ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ። «በቅሎ እምቢ ስትል ምክንያቷ ይታወቃል» አለኝ። «ወይ ርቧታል፣ ወይ ጀርባዋ ተልጧል፣ ወይ ጅብ ሸቷታል። ይህቺን ግን ምን ሸተታት ልበል?» ጎማውን በእርግጫ መታው፤ መልሶ እግሩን አሸው።

የመኪናው ባለቤት አቶ እሸቴ ጊዮርጊስ አጠገብ ማር የሚነግዱ ሰው ናቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወሬኛ «ሹፌሮች ቤንዚን እየቀዱ ይሸጣሉ» ብሎ ነገራቸው። እሳቸውም በንግዳቸው የሚያውቁትን ዘዴ አመጡ። ማር ከገጠር ሲላክላቸው የቅሉ አፍ በሰም ተደፍኖ በላኪው ማኅተም ይታተማል፤ መንገድ ላይ የተነካ እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ለቤንዚንም ይሆናል ብለው፣ ሰኞ ጠዋት ከወንበሩ ሥር ያለውን የቤንዚን ቋት አስሞልተው፣ ክዳኑን ሙሉ በሙሉ በሰም ለብጠው፣ መካከሉ ላይ የቀለበታቸውን ማኅተም አሳረፉበት። ማታ ሲገባ ያዩታል፤ ጠዋት ራሳቸው ከፍተው ሞልተው እንደገና ያትማሉ።

«ከሰኞ ጀምሮ» አለ እንድሪስ፣ «ዳገት ስትጀምር ትስላለች፣ ትስላለች፣ ቀጥ! ቆሻሻ ነው አልኩ። ቤንዚኑን ወደ ሞተር የሚያወርደውን የመዳብ ቱቦ ፈትቼ በአፌ ነፋሁት። ተነሣች! አልሐምዱሊላህ ብዬ ሄድኩ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስደርስ፣ ቀጥ። ነፋሁ፤ ተነሣች። ማክሰኞ አምስት ጊዜ ነፋሁ። ምላሴ እንደ በርበሬ ለበለበኝ። ሚስቴ ሸፊቃ ኩራዙን ከእኔ አርቃ ነው የምታስቀምጠው፤ ‹ብታገሳ ቤቱ ይነዳል› ትለኛለች።»

«ታዲያ ቆሻሻው አልወጣም?»

«የት አለና! ማጣሪያዋን ፈታሁ፤ አንዲት አሸዋ የለባትም። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር የሚሉትን በትኜ አንድ በአንድ ጠረግኩ። ንጹሕ! ቆሻሻ ባገኝ እኮ እስመው ነበር። ሁሉ ነገር ንጹሕ ነው፤ ግን አይሄድም!»

ትናንት ማታ አቶ እሸቴ ቁርጡን ነግረውታል፦ ነገ አንድ ጊዜ ብትቆም የመኪናይቱን ማደሪያ ቁልፍ ለሌላ ሹፌር ያስረክባል፤ ማኅተሙ ተነክቶ ቢገኝ ደግሞ ሌባ ተብሎ ዳኛ ፊት ይቀርባል። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ መኪናይቱም ይህችው ቆማለች።

«አሁን ለዙሁር ሶላት ልስገድ ብዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከድልድዩ ሥር ማንቆርቆሪያ ተውሼ ለውዱእ ስታጠብ፣ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ይዣት ኖሮ ውኃው ቀጥ አለብኝ። ጣቴን ሳነሣ ፈሰሰ። ያን ጊዜ ነው ራሴን የያዝኩት። የቤንዚኑም ክዳን እኮ ቀዳዳ አለው! ልክ መካከሉ ላይ፤ ልክ ማኅተሙ ያረፈበት። አየር ካልገባ ቤንዚኑ እንዴት ይወርዳል? ለካ ስነፋ ቱቦ መጥረጌ አልነበረም፤ በቱቦው በኩል ቋቱን አየር ማጉረሴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጊዮርጊስ ያወጣኋት በሳንባዬ ነው!»

ሰው ተሰብስቧል። አንድ ተሸካሚ «ጭነቱን ለእኛ ስጠን፤ እኛ አፋችን አልታተመም!» አለው።

«ያንተንማ ማን ባተመልኝ!» አለ እንድሪስ።

ወንበሩን አነሣልኝ። ጎንበስ ብዬ ማኅተሙን አየሁት፤ የአቶ እሸቴ ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። «አልተነካም» አልሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብሎ በወስፌ መካከሉን ወጋው። ቋቱ ፊ...ሽ ብሎ ረጅም ትንፋሽ ሳበ። ወርዶ የፊቱን ማዞሪያ ብረት ሁለቴ ቢያዞረው ሞተሩ ተነሣ።

ገና አልተደሰትንም፣ ከላይ በኩል ነጭ ካባ የለበሱ ሰው ከዘራቸውን እያወናጨፉ ሲወርዱ አየን። አቶ እሸቴ ናቸው፤ መኪናቸው መቆሟን ሰው ነግሯቸዋል።

«ማኅተሜን!» አሉ ገና ወንበሩን ሲያዩ። «በቀን፣ በአደባባይ፣ ማኅተሜን!»

«ጋሽ እሸቴ፣ ምስክር...»

«የምን ምስክር? ቁልፉን አምጣ!»

ተነሣሁና ማኅተሙ ሳይነካ ማየቴን፣ በፊቴም መወጋቱን፣ ጠብታ አለመቀዳቱን ተናገርሁ። «እርስዎ ስለ መኪና ምን ያውቃሉ?» አሉኝ።

«ምንም። ያየሁትን ግን አውቃለሁ።»

እንድሪስ የማደሪያውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። መሸነፉ ነው ብዬ ደነገጥሁ። እሱ ግን ቁልፉን በመዳፌ አስቀምጦ «ዳኛ ይያዘው» አለና ወደ ጌታው ዞረ። «ጋሽ እሸቴ፣ ይውጡና ቀዳዳዋን በጣትዎ ይድፈኑልኝ። ሌላ ምንም አልልዎትም።»

ሰው ሁሉ ያያልና እምቢ ማለት አልሆነላቸውም። ካባቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ጣታቸውን በማኅተማቸው ላይ ጫኑ። ሞተሩ ያጓራል። አንዲት ንብ ጆሯቸው ላይ አረፈች፤ ፊታቸው ተኮማተረ፣ ጣታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለት አባታችን ሆይ የሚያስደግም ጊዜ አለፈ። ሞተሩ ሳል ጀመረው፤ ሳለ፣ ሳለ፣ ቀጥ አለ።

«እኔ ነኝ ያቆምኋት?» አሉ አቶ እሸቴ።

«ሦስት ቀን ሙሉ!» ብሎ ጮኸ እንድሪስ። ሳቁ እስከ ድልድዩ ወረደ።

ጣታቸውን ሲያነሡ ቋቱ አየር ሲስብ እሳቸውም ሰሙት። «ቀዳዳ እንዳለው አስቀድሞ መናገር የሹፌር ፈንታ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ይቅርታ ከሳቸው አፍ የሚወጣው ይህን ያህል ነው። «ቁልፉን ይመልሱለት። ከነገ ጀምሮ የማትመው ዳር ዳሩን ነው።»

እንድሪስ ቁልፉን ከእጄ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። አቶ እሸቴ ግን ቶሎ አልሄዱም። መኪናይቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ለእንድሪስ በጆሮው አንድ ነገር ጠይቀውት በእግራቸው ቀደሙን።

እንድሪስ ላሳፍርዎ ብሎ አጠገቡ አስቀመጠኝ። አንድ ጊዜም ሳንቆም ጊዮርጊስ ደረስን። ወርጄ ስሰናበተው ፊቱ እንደገና ጠቁሮ ነበር።

«ነገ በዚህ ሰዓት በየት በኩል ያልፋሉ ጌታዬ?» አለኝ።

«ምነው?»

«ጋሽ እሸቴ ቀለበታቸውን እያሹ የሞተሩ ውኃ በየት እንደሚገባ ጠየቁኝ።»